የሰኔ 30 አስፋልት ዕዳው የማን ነው?

እንደሚታወቀው የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ሳይሠራበት የቀረ ገንዘብ ወደ ካዝና ተመላሽ ስለሚሆን ግንቦት ሲገባደድ አሠሪው መሥሪያ ቤትም፣ ተቋራጩም፣ አማካሪ መሐንዲሱም ይቻኮላሉ። ተቆፍሮ የከረመው ጎዳና ሁሉ በአንድ ጊዜ ዳምጠውና ገልባጭ መኪና ይርመሰመስበታል። ችግሩ ዝናቡም ብርዱም የሚገቡት በዚያው በሰኔ መሆኑ ነው። በእርጥብና በቀዘቀዘ መሬት ላይ ለሚነጠፈው አስፋልት ዞሮ ዞሮ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የገበያው ሰው ሊጠይቅ ይገባል።

ትኩሱ ጭነት ሲበርድ

አስፋልት ጠጠርና አሸዋ በጋለ ሬንጅ ተለውሶ የሚሠራ ነው። ከማምረቻው ሲወጣ ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ግን ሬንጁ ስለሚጠነክር ዳምጠው አሥር ጊዜ ቢመላለስበት እምብዛም አይጠቀጠቅም። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ፀሐይ ባጋላው መሬት ላይ በቂ የሥራ ጊዜ ይሰጣል። መሬቱ በቀዘቀዘበትና ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ግን ጊዜው ሩብ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ንጣፉ በሳሳ ቁጥርም ቶሎ ይበርዳል።

“በሐሩር ክልል ያለች አገር ምን ብርድ አላት?” የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በርካታ የሥራ ውሎች ስስ ንጣፍ እንዳይሠራ የሚከለክሉት ደግሞ በዚሁ ልክ ሲቀዘቅዝ ወይም መሬቱ እርጥብ ሲሆን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራው ሌትና ቀን መካሄዱ ጥያቄውን ከሰኔ አሻግሮ ወደ ሌሊቱም አምጥቶታል። በሌሊት መሥራት ትራፊክ ባለመኖሩ ይጠቅማል። ነገር ግን ቴርሞሜትር ያልያዘ የሌሊት ሥራ ጭፍን ሥራ ነው።

የአየሩ ዋጋ

በደንብ ያልተጠቀጠቀ አስፋልት በላዩ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። በውስጡ ግን አየር ይቀራል። የአየሩ መጠን ከ7 ወይም ከ8 በመቶ ሲያልፍ ውኃ መንገድ ያገኛል፣ ከባድ መኪና በተመላለሰ ቁጥር ውኃው ሬንጁን ከጠጠሩ ያላቅቀዋል፣ ጉድጓዱ ይከተላል። በመንገድ መሐንዲሶች ዘንድ የቆየ ግምት አለ። ይኸውም አየሩ ከ7 በመቶ በላይ በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር የመንገዱ ዕድሜ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው።

ይህን ወደ ብር እንመልሰው። ለምሳሌ ያህል 100 ሚሊዮን ብር የፈጀና 15 ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ መንገድ በብርድ ተነጥፎ የአየሩ መጠን 10 በመቶ ቢሆን ዕድሜው ወደ 10 ዓመት ተኩል ይወርዳል። 30 ሚሊዮኑ ብር ገና በምረቃው ዕለት ባከነ ማለት ነው። ሬንጅ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መንገዱን ደግሞ ማንጠፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአስመጪ መንገር አያስፈልግም።

ነጋዴው በሁለት በኩል ይከፍላል። አንደኛ፣ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከነዳጅ ላይ ለጥገና የሚሰበሰብ ክፍያ አለ። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ በጎማ፣ በባሌስትራ፣ በተሰበረ ዕቃና በዘገየ ጭነት እያሳበበ ዋጋው ውስጥ ይገባል። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ይህ በጀት ለመዝጋት ሲባል በሌላ ወገን ላይ የተጣለ ስውር ግብር ነው።

ተቋራጩም ምክንያት አለው

ተቋራጩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ማሽኑ በቆመ ቁጥር የባንክ ወለዱ አይቆምም። ክፍያው በሰኔ ካልወጣ እስከ መስከረም ደጅ ይጠናል። የሰፈሩ ነዋሪና ባለሱቅም ክረምቱን በጭቃ ማሳለፍ አይፈልግም። ሁሉም በየፊናው ልክ ነው፣ ድምሩ ግን ኪሳራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ ለአስፋልት ንጣፍ የተያዘ በጀት ሰኔ 30 ሳያጥፈው ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚሻገርበት ሥርዓት ይበጅ። በሰኔ የውኃ መውረጃውና የመሠረቱ ሥራ ይጠናቀቅ፣ ንጣፉ ግን ለመስከረምና ለጥቅምት ፀሐይ ይቆይ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ክረምቱ ሲገባ የአስፋልት ማምረቻዎች ይዘጋሉ። ይህም የኮንትራት ገበያውን አላጠፋውም። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ጭነት ሙቀትና ከንጣፉ ተቦርቡሮ የወጣው ናሙና ውጤት ከክፍያ ሰርተፊኬቱ ጋር ይያያዝ። ሦስተኛ፣ በተለመደው ውል ተቋራጩ ለብልሽት የሚጠየቀው ለአንድ ዓመት ነው። በሰኔ የተረከቡት መንገድ ዋስትናው የሚያበቃው ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ነው። የአየሩ ጣጣ በአብዛኛው ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ዋስትናው ቢያንስ ሁለት ክረምት ሊያይ ይገባል።

ይህ የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመጋዘን ግቢ፣ ማደያ ወይም የፋብሪካ መግቢያ የሚያስነጥፍ ባለሀብትም ውል ሲፈርም ሦስት ነገር ይጠይቅ። ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ ከስንት ኪሎ ሜትር ይመጣል? በስንት ዲግሪ ይራገፋል? ስንት ዳምጠው ይዘጋጃል? ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የደረሰ ጭነት ሙቀቱ ሳይለካ አይቀበል። የቀዘቀዘ ጭነት መመለስ ያስከፋል። ግቢን በሦስተኛው ዓመት ቆፍሮ እንደገና ማስነጠፍ ግን የበለጠ ያስከፋል። የበጀት ሹማምንትም ይህንኑ ስሌት ለሕዝቡ መንገድ ሊሠሩለት ይገባል።