የቤተሰብ ማዕዘን፦ ለእስትንፋስ የሚቆም ዘብ



በዚህ ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ገንዘብ አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬውን ውይይት የምንከፍተው ግን ከጅቡቲ በመንገደኛ እጅ በደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው።

ጸሐፊዋ የአንድ የቀድሞ ባልደረባችን ባለቤት ናቸው። ባለቤታቸው ከሠራዊቱ በክብር ከተሰናበቱ በኋላ፣ በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና በሚገኝ መጋዘን በጥበቃ ሥራ ተቀጥረው ሲያገለግሉ ሳለ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዱ። ለሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዱ ከቆዩ በኋላ ሐኪሞች በአንገታቸው ፊት ለፊት፣ ከማንቁርታቸው ዝቅ ብሎ ቀዳዳ አበጅተው ቱቦ አስገቡላቸው። እነሆ አሁን ወደ ቤት የሚመለሱበት ቀን ተቆርጧል። እኅታችንን እንቅልፍ የነሳቸው አንድ ነገር ነው። ባልባላ በሚባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የሕክምና ሙያ የሌላት እጃቸው የባላቸውን ትንፋሽ ትጠብቅ ወይስ ታጠፋ እንደሆነ ይጠይቁናል።

መልሳችንን አናዘገይም። ትጠብቃለች፤ ነገር ግን አስቀድማ ከሠለጠነችና ብቻዋን ካልተተወች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ የብዙ ሕሙማንን የመተንፈሻ ጡንቻ ሽባ አደረገ። መሣሪያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባለው ሐኪም የአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ አንገት በዚሁ ዓይነት እንዲከፈት አስደርጎ፣ በቱቦው በኩል በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር በማስገባት ከሞት አፋፍ መለሳት። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ከረጢቱን ሲጨምቁ ሰነበቱ። እነዚያ ወጣቶች ገና ሐኪሞች አልነበሩም። የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈው የተማረ እጅና ያልተቋረጠ ተራ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ሥራ እንግባ። አፍንጫ የምንስበውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም ያጣራል። በአንገቱ የሚተነፍስ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል። አክታው ይወፍራል፤ ሲደርቅም ቱቦውን ይደፍናል። በጅቡቲ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበትና ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ አንሥቶ የሚነፍስበት ጊዜ አለ። የቀጠናው ከባድ መኪኖችም ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ስለዚህ በቱቦው አፍ ላይ ሐኪም ቤት የሚሰጠውን ማጣሪያ ወይም እርጥብ ስስ ጨርቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጨርቁም ክሩ የሚበጣጠስ መሆን የለበትም። ከሰል የሚጨስበት፣ ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚታጠንበትና ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ለሕመምተኛው አይሆንም። እኅታችን ሆይ፣ ቡናው አይቅር፤ ማፍያው ግን ወደ ውጭ ይውጣ። ገላ ሲታጠቡም ውሃ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ከደረት በታች ብቻ ይታጠቡ፤ የባሕር ዋና ፈጽሞ ክልክል ነው።

አክታ መምጠጥ የሚያስፈልገው ሲንኮራኮር ወይም ትንፋሽ ሲከብድ ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ መምጠጫ ቱቦ ይዞ፣ ነርሷ ካሳየችው ጥልቀት ሳያልፉ፣ እየሳቡ በማውጣት ከ10 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ መጨረስ ይገባል። ወታደር የጠመንጃውን አፈሙዝ እንደሚወለውል ሁሉ፣ የሚወጣው የውስጥ ቱቦም ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት በየቀኑ ይጽዳ። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቆዳ ይታጠብ፣ ይድረቅ። የአንገቱ ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ሲላላ ቱቦው ይወጣል፣ ሲጠብቅም ቆዳውን ያቆስላል። ማሰሪያው የሚለወጠው ሁለት ሰዎች ሆነው፣ አንደኛው ቱቦውን ሲይዝ ነው።

በአልጋው ራስጌ አንድ ከረጢት ዘወትር ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በውስጡም አንድ ዓይነት ልክ ያለው መለዋወጫ ቱቦ፣ ከእርሱ አንድ ቁጥር የሚያንስ ሌላ ቱቦ፣ መቀስ፣ ማሰሪያ፣ ጓንትና የእጅ ባትሪ ይኑሩ። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚሠራ በእጅ ወይም በእግር የሚነዳ መምጠጫም አይታጣ። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር ከረጢቱ አብሮት ይሂድ። የቱቦው ዓይነትና ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በቀጠናው ላሉት የሥራ ባልደረቦችም ይሰጥ። ወደ ሀገራችን የሚመጣው የአብዛኛው ዕቃ መተላለፊያ ጅቡቲ ቢሆንም፣ የሚፈለገው ቁጥር በአቅራቢያ ባለ መድኃኒት ቤት ላይገኝ ይችላል። ሳያልቅ መፈለግ ብልኅነት ነው።

ትንፋሽ ቢያጥር፣ ከንፈር ቢጠቁር፣ መምጠጫውም አልገባ ቢል፣ በፍጥነት የውስጡን ቱቦ ማውጣት፣ ከዚያም መምጠጥ ነው። ይህ ካልረዳ የሠለጠነው ሰው ዋናውን ቱቦ ይለውጥ፤ ሌላው እርዳታ ይጥራ። ትኩስ ደም ከታየም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። አክታው መልኩን ከለወጠ፣ ሽታ ካመጣ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ድምፅስ? አየሩ የድምፅ አውታሮችን ስለማይነካ ሕመምተኛው ዝም ቢል ማኩረፉ አይደለም። ደወልና መጻፊያ ሰሌዳ ከእጁ አይራቁ። ቱቦው በውስጡ የሚነፋ ፊኛ ካለው፣ ሐኪም ሳያዝ አፉን በጣት ወይም በክዳን መዝጋት ትንፋሹን ያቋርጣል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አቆይተነዋል። እኅታችን ሦስት ቀን ሳይተኙ ከቆዩ በአራተኛው ቀን ያቺ የተማረች እጅ ትስታለች። በሠራዊቱ ውስጥ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በዘብ እንዲቆም አይደረግም፤ ተተኪ ይመጣለታል። ስለዚህ ባለቤትዎ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ነርሶቹን ይለምኑ፤ ከእርስዎ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ወንድም ይሁን ጎረቤት፣ በዐይኑ አይቶ በእጁም ሠርቶ እንዲማር ያድርጉ። ሁለተኛ ሰው ሳይሠለጥን የመውጫውን ቀን አይቀበሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በዚያ ያላችሁ የቀድሞ ባልደረቦችና ወደዚያ የምትመላለሱ ሹፌሮች፣ ይህን ሎሚ ተካፈሉ። አንዳችሁ አንድ ሌሊት ብትቆሙ፣ እኅታችን አንድ ሌሊት ያርፋሉ፤ የባልደረባችሁም ትንፋሽ ጠባቂ አያጣም።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።