ስም አውጪዎቹ ሃያስያን

ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ ስም ይወጣለታል። ጢሙ የሸበተ መካሪ ብቅ ካለ «ይሄማ ይሞታል፣ መካሪ ሁሌ ይሞታል» ይባላል። ጀግናው የሟች ሚስቱን ፎቶ ከኪሱ ካወጣ «በቃ አወቅነው» ይባላል። ወላጆቹን የማያውቅ የገጠር ልጅ ከታየማ አለቀ፤ «የተመረጠው ልጅ ነዋ! የተበላ ዕቁብ!» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። በልብ ወለድ፣ በፊልምና በቪዲዮ ጌም ውስጥ ለሚደጋገሙ የትረካ ቅርጾች ስም ማውጣት፣ ስሙንም እንደ ማኅተም እያነሱ ሥራው ላይ መምታት ዛሬ የንቁ ተመልካች ምልክት ሆኗል። ብዙ ስም ያወቀ ብዙ የገባው ይመስላል። እኔ ደግሞ ይህ ልማድ ማየትንም ማንበብንም እያስተወን ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ከመነሻው ክፉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ አንድ የ«ግሪን ላንተርን» ኮሚክ ላይ ጀግናው ፍቅረኛው ተገድላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተከታ ያገኛታል። አምስት ዓመት ቆይቶ ጌይል ሲሞን የተባለች አንባቢ፣ ኋላ ራሷ የታወቀች የኮሚክ ደራሲ የሆነች፣ እንደዚህ የተገደሉ፣ አካላቸው የጎደለ፣ ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴት ገጸ ባሕርያትን አንድ በአንድ ለቅማ ዘረዘረች። ጉልበቱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ታሪክ ውስጥ ብትሞት የታሪኩ ጉዳይ ነው፤ ሰልፉ ሲረዝም ግን የአሳታሚዎቹ ጠባይ ነው። አኒታ ሳርኪዢያንም ከ2013 ጀምራ ስለ ጌም ባዘጋጀቻቸው ቪዲዮዎች የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ተጫዋቹ ሰባት ቤተ መንግሥት ሰብሮ ይገባል፤ በሰባቱም «ልዕልቲቱ ያለችው ሌላ ጋ ነው» ይባላል። በአንድ ጌም ፈገግ የሚያሰኝ ቀልድ ነው። ጌም በጌም ላይ ሲደራረብ ግን ሴት ማለት ተሰርቃ የምትመለስ ንብረት ናት የሚል ትምህርት ይወጣዋል።

እንግዲህ ስሙ እውነት የሚናገረው ስለ ብዙው ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ለብዙው የወጣውን ስም አንዱ ላይ ስንለጥፈውና ሥራችንን የጨረስን ሲመስለን ነው።

አሜሪካዊው ሃያሲ ነታን ራቢን በ2007 «ኤሊዛቤትታውን» ስለተባለው ፊልም ሲጽፍ፣ በተከዘ ወንድ ሕይወት ውስጥ ዱብ ብላ እየሳቀችና እየቀበጠች መኖርን የምታስተምረውን፣ የራሷ ጉዳይ ግን የሌላትን ሴት «ማኒክ ፒክሲ ድሪም ገርል» አላት። ስሙ አፍ ላይ ይጣፍጣልና ሁሉም ተቀባበለው። ብዙም ሳይቆይ ካትሪን ሄፕበርን በ1938 የሠራችው «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ» ሳይቀር ከዚሁ ጎራ ተመደበ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የ2004ቱ «ኢተርናል ሰንሻይን ኦፍ ዘ ስፖትለስ ማይንድ» ነው። ክሌመንታይን የተባለችው ሴት እዚያ ፊልም ውስጥ ለወንዱ ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ ወንዶች ጎደሏቸውን የምትሞላላቸው እየመሰላቸው እንደሚቀርቧት፣ እሷ ግን ለራሷ ሰላም ያጣች ሴት መሆኗን። ስሙ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት ቀድማ መልሱን ሰጥታለች ማለት ነው። ይህም አላዳናት። ፀጉሯን ቀለም ትቀባለች፣ ጠባይዋም እንደ ልቧ ነው፤ ስለዚህ ገባች። የተናገረችውን ማን ሰማ? ራቢን ራሱ በ2014 ስሙን በማውጣቱ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቃሉ ቢቀር ይሻላል ብሎ ጽፏል። ቃሉ ግን ከእጁ ከወጣ ቆይቷል።

የሲሞንን ዝርዝር የሚያስታውሰውን «ለጀግናው ቁጭት ሲባል የተገደለች ሴት» የሚለውን ስም ደግሞ በሁለት ጌሞች ላይ ልሞክረው። በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ሦስት ዲስክ ነበረው፤ ከጀግናው ቡድን አንዷ የሆነችው ኤሪስ የምትሞተው በመጀመሪያው ዲስክ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓት አብሯት ተጉዟል። ቡድኑ ሲቆስል የምትደርሰው እሷ ናት፤ ከልዩ ኃይሎቿ ዋናው ፈውስ ነው፤ የሁሉ የበላይ የሆነውን ኃይሏን ተጫዋቹ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ከለፋ ከመሞቷ በፊት ሊያስገኝላት ይችላል። ተንበርክካ ስትጸልይ የጀግናው ጠላት ሴፊሮት ከላይ ወርዶ በሰይፍ ይወጋታል። ወዲያው ከጭራቅ ጋር ውጊያ ይከፈታል፤ የለመድነው የውጊያ ሙዚቃ ግን አይመጣም። የእሷው ዜማ ይቀጥላል፣ ተጫዋቹም በዚያ ዜማ ውስጥ ሆኖ ይዋጋል። ኋላ ቡድኑን ላደራጅ ሲል ኤሪስ የለችም፤ ለፍቶ ያስገኘላት ኃይልም አብሯት ሄዷል። ሐዘኑ የጀግናው የክላውድ ብቻ መሆኑ የቀረው እዚህ ላይ ነው፤ የጎደለው በተጫዋቹ እጅ የነበረ ነገር ነው።

በ2013ቱ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ደግሞ ጌሙ ሲጀምር የምናንቀሳቅሰው ጀግናውን ጆኤልን አይደለም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ሳራን ነው። ሌሊት ከእንቅልፏ ነቅታ በጨለመ ቤት ውስጥ አባቷን ትፈልጋለች፤ ከክፍል ክፍል የምናዘዋውራት እኛ ነን። ጥቂት ቆይቶ ጌሙ እሷን ይቀማንና አባቷን ይሰጠናል፤ ተሸክመናት እንሮጣለን። ከዚያ ወታደሩ ይተኩሳል። አንደኛው ጌም የምንደገፍባትን ነጠቀን፣ ሁለተኛው በዓይኗ ያየንባትን። ለሁለቱም ያንኑ አንድ ስም ሰጥቶ የሚያልፍ ሰው ሁለቱንም አልተጫወተም። እርግጥ ነው፣ በሁለቱም የምትሞተው ሴት፣ የሚቀረው ወንድ ነው፤ ይህ ስለ ጌም ሠሪዎቹ ዓለም የሚናገረው ነገር አለ። ጌሞቹ እንዴት እንደሚሠሩ ግን አይነግረንም።

በሽታው ወደ ደራሲዎቹም ተሻግሯል። ጆሴፍ ካምቤል በ1949 የዓለም አፈ ታሪኮች ይጋሩታል ያለውን የጀግና ጉዞ በመጽሐፍ ገለጸ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ክሪስቶፈር ቮግለር ይህንኑ ለሆሊዉድ ሰዎች በጥቂት ገጽ ማስታወሻ አሳጠረው፤ በ1992 ደግሞ የጸሐፊዎች መመሪያ አድርጎ አሳተመው። ያለፈውን ሊገልጽ የተጻፈው ገና የሚጻፈውን ማዘዣ ሆነ። ሌላው ወገን ከዝርዝሩ ሲሸሽ ይኖራል፤ መካሪውን ከሞት ያስቀራል፣ ልዕልቲቱን ሰይፍ ያስመዝዛል፣ በዚያው ጀብዱ የሠራ ይመስለዋል። መገልበጥ ብቻውን ምን ይፈይዳል? በ2008 የወጣው የጆናታን ብሎው «ብሬይድ» ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ የሚቻልበት ጌም ነው። በመጨረሻው ደረጃ ልዕልቲቱ ጥሩር ከለበሰ ተዋጊ አምልጣ ከላይ ትሮጣለች፤ ጀግናው ቲም ከታች ይሮጣል፤ እየተረዳዱ መንገድ የሚከፋፈቱ ይመስላሉ። ያው ትዕይንት በእውነተኛው የጊዜ አቅጣጫ ሲታይ ግን ልዕልቲቱ የምትሸሸው ከቲም ነው፤ መንገድ ከፋች የመሰለችን ወጥመድ እያጠመደችበት ነበር፤ ተዋጊው ደግሞ አዳኟ ነው። ስም አውጪው ይህን «የተገለበጠች ልዕልት» ብሎ ይመዘግባል። የሚያመልጠው ዋናው ነው፦ ተጫዋቹን ያጋለጠው ጌሙን ሙሉ የተመካበት ያ ጊዜን የመመለስ ችሎታው ራሱ ነው።

የትረካ ቅርጾችን የመዘርዘር ሥራ በዘዴ የጀመሩት ሰዎች ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ በ1928 አንድ መቶ የሚሆኑ የአገሩን ተረቶች መርምሮ 31 ድርጊቶች በአንድ ቅደም ተከተል እንደሚመላለሱ አሳየ። የተረቱ ውበትና ለዛ ከዚያ ውጪ ባለው፣ በሚለዋወጠው ነገር እንደሆነ ግን አልካደም። ያም ሆኖ አንትሮፖሎጂስቱ ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1960 በጻፈው ትችት አልማረውም፤ ተረቶች የሚመሳሰሉበትን አገኘን፣ የሚለያዩበትን የምናይበት ዓይን ግን አጣን የሚል ነበር ክሱ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ በዛ እንጂ ያ ዓይን አልተመለሰም።

ወደ ራሳችን ቤት እናምጣው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን «ያልታደሉ ፍቅረኞች» ማለት ይቻላል፤ ጉዱ ካሣንም «ዕብድ የተባለ እውነት ተናጋሪ»። ሁለቱም ልክ ነው፣ ሁለቱም ምንም አይነግርም። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ስለዚህ ከሰብለ ወንጌል የሚለየው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ብቻ አይደለም፤ ገና ሳያውቅ በስሙ የተገባ ስለት በውስጡ አለ። የሼክስፒሩ ሮሚዮ እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም። ጉዱ ካሣም ከውጭ የመጣ ተቺ አይደለም፤ የዚያው የመኳንንት ቤት ዘመድ ነው፣ የሚያፈርሰውም የገዛ ወገኑን ወግ ነው። ስሙን ብቻ ይዞ የሄደ አንባቢ ስለቱንም ዝምድናውንም ጥሎ ነው የሄደው።

ስለ ፊልምና ስለ ጌም የምትጽፉና የምታወሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስሞቹን መቶ ሥራ ስትቆጥሩ ተጠቀሙባቸው፤ አሳታሚና አምራች ስትከሱ ጠቃሚ ማስረጃ ናቸው። ስለ አንድ ሥራ ስትናገሩ ግን ስሙን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጣሉትና ቀጥሉ፦ ማን ምን አለ? የትኛው ሙዚቃ ቀረ? በሩን የከፈተው ማን ነው? ከስሙ በኋላ የምትሉት ከሌላችሁ ሥራውን ገና አላያችሁትም፤ ተመለሱና እዩት።