መድረኩን የያዘው ማን ነው? የተማሪዎች ዝግጅትና የአዘጋጅነት ጥያቄ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄዱ የተማሪዎች ዝግጅቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ቅርጽ አላቸው። አዳራሽ ይጠየቃል፤ ባነር ይታተማል፤ የክብር እንግዳ ይጋበዛል። እንግዳው እስኪደርስ ተሰብሳቢው ይጠብቃል። የእንኳን ደኅና መጣችሁና የመክፈቻ ንግግሮች ተራ በተራ ይቀርባሉ። የባከነው ሰዓት የሚካካሰው ለጥያቄና መልስ ከተመደበው ጊዜ ላይ ተቀንሶ ነው። በማግስቱ ኮሚቴው ይበተናል። በዓመቱ የሚቋቋመው ሌላ ኮሚቴ የድምፅ ማጉያ ከየት እንደሚገኝ፣ ደብዳቤው ለየትኛው ቢሮ እንደሚጻፍ፣ ያለፈው ዝግጅት ምን ያህል ገንዘብ እንደፈጀ እንደ አዲስ ማጠያየቅ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ የቅልጥፍና ጉድለት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገሩ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። የአንድ ዝግጅት ጥራት በዋናነት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው መድረኩ በማን እጅ መሆኑ፣ ሁለተኛው የተገኘውን ልምድ ይዞ ለተከታዩ የሚያስረክብ ቋሚ አካል መኖሩ ነው። ሁለቱ በሌሉበት ተማሪው በራሱ ግቢ ውስጥ ወንበር የሚሞላ ታዳሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዩኒቨርሲቲው ታሪክ ሁለት፣ ከከተማው ኑሮ ደግሞ አንድ ምሳሌ ይህን ለማስረዳት ይበቃሉ።

የኮሌጅ ቀን

በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን የሚባል ዓመታዊ በዓል ነበረው። በዚህ ቀን ከስፖርቱ ውድድር ጎን ለጎን ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በበዓሉ ላይ ይገኙ ነበር። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ከወራት በኋላ ታምሩ ፈይሳ “ድሃው ይናገራል” የተሰኘ ግጥሙን ያሰማው በዚሁ መድረክ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት የኢብሳ ጉተማ “ኢትዮጵያዊው ማነው?” እና የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) “በረከተ መርገም” የዚያው የተማሪዎች የግጥም ባህል ፍሬዎች ሆነዋል።

ስለ እነዚህ ግጥሞች ይዘትና ስላስነሡት ቁጣ ብዙ ተብሏል። እምብዛም ያልተባለው እንዲደመጡ ስላስቻላቸው ሥርዐት ነው። ውድድሩ በየዓመቱ እንደሚመጣ ይታወቅ ስለነበር፣ የሚጽፍ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው አንባቢና አድማጭ እንዳለው ዐውቆ መዘጋጀት ይችል ነበር። ንጉሡ ፊት የቆመው ተናጋሪ የአስተዳደሩ ተወካይ ሳይሆን ተማሪው ራሱ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ አዘጋጁ የያዘው ሥነ ሥርዐቱን ነው፤ የሚነገረውን የያዘው ግን ተናጋሪው ነው። ይህ ልዩነት ሲጠፋ፣ አዘጋጁ የሚነገረውንም እኔ ልወስን ሲል፣ ዝግጅቱ ይቀጥላል እንጂ የሚሰማው ሰው ያጣል።

ተማሪው የሚለውን የሚልበት ስፍራም በአዳራሹ አልተወሰነም። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. “መሬት ለአራሹ” የሚለው ጥያቄ በሰልፍ ወደ ፓርላማ አምርቷል። ግጥሙ ሰልፉን ወለደ ማለት ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። ሆኖም ለአደባባዩ የሚያስፈልገው ችሎታ፣ ማለትም ሐሳብን በብዙ ሰው ፊት መግለጥ፣ ሥራ መከፋፈልና ቀን ቆርጦ መገናኘት፣ በግቢ ዝግጅቶች ሲለመድ እንደቆየ መገመት አይከብድም።

የመጋቢት 1960 ዓ.ም. ትርኢት

ሁለተኛው ምሳሌ የከሸፈ ዝግጅት ነው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተሰናድቶ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ትርኢቱን የምዕራባውያን ባህል ጭነት አድርገው ስለተመለከቱት ተቃውሞ ተነሣ፤ ሊመለከቱ የመጡ እንግዶች ተንገላቱ፤ ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ።

ይህ ክስተት በተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንደ ፀረ ኢምፔሪያሊዝም ትግል ምዕራፍ ነው። ከአዘጋጅነት አንጻር ሲታይ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚጠየቁበት ጉዳይ አለ። አዘጋጆቹ የተቃውሞው ስሜት ምን ያህል እንደበረታ አስቀድመው የሚያደምጡበትና ከተማሪው ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ አላበጁም። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ክርክሩን ከአዳራሹ ደጃፍ ላይ በጉልበት ቋጩት። ከሁሉም በላይ ስለ ሴት ተማሪዎች አለባበስና ክብር ያን ያህል ሲነገር፣ የሴት ተማሪዎቹ የራሳቸው ድምፅ ከሁለቱም ጫጫታ በታች ቀረ። በትርኢቱ ለመሳተፍ የወሰነችውም ሆነ የተቃወመችው ተማሪ ምክንያቷን የምታስረዳበት መድረክ አልነበራትም።

የዚህ ታሪክ ትምህርት “አወዛጋቢ ዝግጅት አይፈቀድ” የሚል አይደለም። አወዛጋቢ ነገር የማይነሣበት ዩኒቨርሲቲ ሥራውን አቁሟል ማለት ይቻላል። ትምህርቱ፣ ተቃውሞ ከዝግጅቱ ቀን በፊት የሚቀርብበት፣ የሚደመጥበትና በምክንያት መልስ የሚያገኝበት ሥርዐት ከሌለ የመጨረሻው አወያይ ፖሊስ ይሆናል የሚል ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ዕውቀት

ሦስተኛው ምሳሌ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ነው። ጠመንጃ ያዥ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ እንደ ሠራተኛ ሠፈር ሁሉ ስሙን ከሙያ የወሰደ ሠፈር ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይገኛል። በእንዲህ ያሉ ነባር የአዲስ አበባ ሠፈሮች አንድ ሰው ሲያርፍ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ነዋሪ የለም። መርዶው ይነገራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ብረት ድስት ይወጣል፤ ምግብ የሚያቀርቡት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ከለቀስተኛ ጋር የሚያመሹት ተራቸውን ያውቃሉ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ቀኑ አስቀድሞ ባልታወቀ፣ ለዝግጅት ጊዜ በማይሰጥ አጋጣሚ ነው።

ዕድር ይህን የሚችለው አባላቱ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይልቅ የሠለጠኑ አስተባባሪዎች ስለሆኑ አይደለም። መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ስላለው ነው። ንብረቱ ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ ሲወጣም ሲመለስም ይመዘገባል። የቀረ አባል ይቀጣል፤ ሒሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። የኃላፊነት ስያሜው ራሱ፣ “ገንዘብ ያዥ” የሚለው፣ አደራ የተቀበለ ሰው መኖሩን ይናገራል። የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቀን ተወልዶ በማግስቱ የሚሞት አካል ነው፤ ደረሰኙ በአንዱ ቦርሳ፣ ፎቶግራፉ በሌላው ስልክ፣ የስምምነቱ ደብዳቤ በተመረቀ ተማሪ ኢሜይል ውስጥ ይቀራል።

በእርግጥ ዕድርን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የዕድር አባል በአንድ ሠፈር ዕድሜውን ይኖራል፤ የዕድር ዳኛም ለረጅም ዓመታት ሳይቀየር ሊቆይ ይችላል። ተማሪ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወጣል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ ግቢውን በወጉ ሳይለምድ ይመረቃል። ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት የርክክብን አስፈላጊነት ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም። ሰው ቶሎ በሚቀያየርበት ስፍራ መዝገብ ካልቀረ የሚቀር ነገር የለም።

የመዝገብ ጉዳይ የተመራማሪም ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄን ታሪክ ለማጠናቀር የቀድሞ ተሳታፊዎችን ሰብስቦ ትዝታቸውን መቅዳት አስፈልጓል፤ በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት በ2010 እ.ኤ.አ. በማኅበራዊ ጥናት መድረክ የታተመው የቃል ታሪክ መጽሐፍ የዚህ ጥረት ውጤት ነው። ትዝታ ክቡር ምንጭ ነው፤ ግን ይደበዝዛል፤ ከባለቤቱም ጋር ያልፋል። የዛሬዎቹ የክርክር መድረኮች፣ የሥነ ጽሑፍ ምሽቶችና የጥናት ጉባኤዎች ለነገው አጥኚ ምን ሰነድ እየተዉለት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ አያኮራም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ በየግቢው፣ በተማሪዎች የሚመራ፣ አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ በጸሐፊነት የሚያግዘው ቋሚ የዝግጅት ጽሕፈት ቤት ማቋቋም ነው። ለእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ፋይል ይከፈት፤ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች፣ የገንዘብ ወጪው፣ የተሳታፊዎች ብዛት፣ የቀረበው ቅሬታና የተሰጠው መልስ በዚያው ይቀመጥ። ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ተሰናባቹ ኮሚቴ ለተተኪው በፊርማ ሳያስረክብ ሥራውን እንደጨረሰ አይቆጠር።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ጥቂት ዓመታዊ ዝግጅቶች በትምህርት ዘመኑ መርሐ ግብር ውስጥ ገብተው አስቀድመው ቢታወቁ፣ ተማሪው እንደ ኮሌጅ ቀኑ ገጣሚ የሚያቀርበውን አስቦበት ይመጣል። ሦስተኛው የሰዓት አደላደል ነው። ዝግጅቱ የክብር እንግዳው ቢዘገይም በሰዓቱ ይጀመር፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ተማሪ ይሁን፤ ለውይይት የተመደበው ጊዜ በማናቸውም ምክንያት አይነካ። አራተኛው የተቃውሞ መንገድ ነው። የዝግጅቱ ርእስና ተናጋሪዎች ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይገለጹ፤ ተቃውሞ ያለው ወገን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የጸጥታ ስጋት ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል። ልጁን ልኮ ሬሳ የተቀበለ ወላጅ እያለ ስለ ነጻ መድረክ በቀላሉ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ከተለያየ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች በጋራ ሥራ የሚተዋወቁበት መድረክ ሲዘጋ ጥርጣሬው አይጠፋም፤ ወደ መኝታ ክፍሎችና ወደ ስልኮች ይገባል። አንድ ድምፅ ማጉያ ለማስመጣት፣ አንድ በጀት ለማብቃቃት፣ አንድ የተናጋሪዎች ዝርዝር ለመስማማት አብረው የተከራከሩ ተማሪዎች ቢያንስ አንዱ የሌላውን ስምና ጠባይ ያውቃሉ። ክፉ ወሬ ሲነዛ ደውሎ የሚጠይቁት ሰው ይኖራቸዋል። የጸጥታ ጥያቄ እንግዲህ የዝግጅቶችን ሥርዐት ለማጠናከር እንጂ ለመዝጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፍቷል። ስለ ራስ ገዝነት የሚደረገው ውይይት በአብዛኛው በበጀት፣ በቅጥርና በቅበላ ላይ ያተኩራል። ተማሪው የአንድ ከሰዓት በኋላ መርሐ ግብር እንኳ በራሱ ማስተዳደር ካልተፈቀደለት ግን ራስ ገዝነቱ ከአስተዳደር ሕንፃው ደጃፍ አልወጣም ማለት ነው። ጅማሬው ደግሞ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየትምህርት ክፍላቸው ሴሚናር ያካሂዳሉ። የዘንድሮው አስተባባሪ አንድ መዝገብ ከፍቶ፣ ያደረገውን ጽፎ፣ ለከርሞው አስተባባሪ በፊርማ ቢያስረክብ፣ የሚቀጥለው ኮሚቴ ከዜሮ አይጀምርም።