48 ሰዓት ለመቁጠር

«ሕገ መንግሥት መተርጐም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ነው» የሚለውን ቃል ከሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችን ዘንድ ዘወትር እንሰማለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 እንዲህ ይላልና አልተሳሳቱም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የምርጫው መራዘም እንዳስነሣው ያለ ታላቅ የመንግሥት ጉዳይ ወደዚያ ቢሄድ፥ ይሁን እንላለን።

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የተያዘ አንድ ጐረምሳስ? አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ይሰጠዋል፤ ለመንገድ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ ግን አይቈጠርም። ለመሆኑ «ተገቢ» ስንት ነው? ከኮልፌ እስከ ልደታ ችሎት በእግርም ቢኬድ ግማሽ ቀን አይሞላም! ይህን ለማወቅ ወደ አጣሪ ጉባኤ ጽፎ፥ ከዚያ ደግሞ ምክር ቤቱን መጠበቅ በታሳሪው መቀለድ ነው።

አንቀጽ 13 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች እነዚህን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ዳኛ ትርጕሙን ያልወሰነውን መብት እንዴት አድርጎ ያስከብራል? አዋጁ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ከተባለ 11ዱ የጉባኤው አባላት ይመርምሩት። የፖሊስ ሥራ የሰው መብት ነክቷል ወይስ አልነካም የሚለውን ግን ችሎት ላይ የተቀመጠው ዳኛ ይበይን፤ ያውም በዚያው ዕለት።