የታደሱ ቤቶች መማሪያ ይሁኑ

ሰው የማይገባበት ቤት ቢታደስም ተመልሶ ይፈርሳል። በአዲስ አበባ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ደግሞ የከተማዋ ሙዚየም በመሆናቸው ዛሬም ትውልድ ያስተምራሉ።

ይሁን እንጂ ሙዚየም ብቻውን አይበቃም። ሰፊ በረንዳ ያላቸው የፒያሳ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ሲጠገኑ፣ ቀን ሥራ የዋለ ሰው ማታ የሚያነብባቸው፣ ጡረተኛው ሙያውን ለወጣቱ የሚያካፍልባቸው፣ በልጅነታቸው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የሚማሩባቸው ይሁኑ። ጥገናው ራሱ ለአናጺና ለግንበኛ ተለማማጆች ትምህርት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ የእድሳት በጀት ሲይዝ የመጻሕፍቱን፣ የአስተማሪውንና የመብራቱን ወጪ አብሮ ይያዝ። የቤቶቹም በር ከጎብኚው ባሻገር ለሰፈሩ ነዋሪ በየምሽቱ ይከፈት።