ሰንጠረዡ ያልቆጠረው ድምፅ

ምርጫ አልፎ ውጤት ሲነገር ሁላችንም «በየክልሉ ማን ስንት ወንበር ወሰደ?» ብለን እንጠይቃለን። እስቲ ዛሬ ሌላ ጥያቄ እናንሳ። ያ ቁጥር የማንን ልብ ይናገራል?

የአማራ ክልል በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 138 ወንበሮች አሉት። በ1997 ምርጫ ከእነዚህ ውስጥ ከሩብ የሚበልጡትን ተቃዋሚዎች አሸነፉ። በ2002 ግን አንድም አላገኙም! በመላ አገሪቱ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ጠቀለሉ። ታዲያ ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ያለው ገበሬ ሁሉ በእነዚያ ዓመታት ልቡ አንድ ሆነ ማለት ነው?

መልሱ ብዙ አልዘገየም። «ሙሉ ድል» በታወጀ በወራት ውስጥ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናጠ። በ2008 ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳር ተከተሉ። በ2009 መባቻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ሁሉንም ወንበር ያሸነፈ መንግሥት መራጩን በአዋጅ ጸጥ ለማሰኘት ተገደደ!

«ያ ዘመን አልፏል» ትል ይሆናል። በ2013 ምርጫ ማግስት ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ፤ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። የፓርቲው ስም ተለወጠ እንጂ የሰንጠረዡ መልክ ብዙም አልተለወጠም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከመቶ መራጮች 40ው አንዱን፣ 35ው ሌላውን፣ 25ው ሦስተኛውን ቢመርጡ ወንበሩ የባለ 40ው ነው። የቀሩት 60 ሰዎች በክልሉ ድምር ውስጥ የሉም። እነርሱ ግን ግብር ይከፍላሉ፣ ማዳበሪያ ይጠብቃሉ፣ ልጅ ያስተምራሉ!

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በክልል ድምር አትታለል። የወገዳ ሰው ከሆንክ መጀመሪያ በምርጫ ጣቢያህ የተለጠፈውን ቁጥር ተመልከት፤ ለተሸናፊው የተሰጠውንም ቁጠር። ተመራጩ የመረጡትም ያልመረጡትም እንደራሴ ነው። ይኸው አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ስንቶቻችን ይህን መብት እናውቃለን? ስንቶቻችንስ እንደራሴያችንን ጠርተን «ምን ተናገርክልን?» ብለናል?

ድምፅ አማና ነው። አማና ደግሞ አስረክበው የሚረሱት ሳይሆን ተከታትለው የሚጠይቁት ነገር ነው።