ከባህሩ በፊት በረሃው አለ

አረካ ውስጥ ስለ ስደት ሲወራ ደቡብ አፍሪካና ሊቢያ ቀድመው ይነሳሉ። ደቡብ አፍሪካን ብዙዎች ከሄደ ዘመድ እየሰሙ ያውቋታል። ሊቢያ ግን በወጣቱ ዘንድ ወደ አውሮፓ የሚሻገሩባት የባህር ዳርቻ ብቻ ናት። ትልቁ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከሱዳን ወደ ሊቢያ የሚገባ ስደተኛ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ኩፍራ ነው። ኩፍራ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከቻድ የሚዋሰን የደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ የበረሃ ግዛት ሲሆን፣ ስፋቱ ከ480 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የኢትዮጵያን ግማሽ ለማከል ጥቂት ነው የሚቀረው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን ነዋሪው 50 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው የሚኖረው የከርሰ ምድር ውሃ በሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው። ከኩፍራ ከተማ እስከ ሜዲትራኒያን ጠረፍ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። እኛ ቦሎሶ ሶሬ ውስጥ ከአንዱ የእንሰት ጓሮ ብንጣራ ከሌላው ጓሮ መልስ እናገኛለን። እዚያ የሚሰማ የለም።

የኩፍራ ታሪክም ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1931 ፋሺስት ኢጣሊያ ኩፍራን ሲይዝ ዘመቻውን በበላይነት የመራው፣ በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጀመረው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ተጠያቂ የሆነው ግራዚያኒ ነበር። ከኩፍራ የሸሹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በረሃው ውስጥ በውሃ ጥም አልቀዋል። ተወልደው ያደጉበትን ያልማረ በረሃ ከአረካ የሄደን ልጅ እንዴት ይምራል?

የደላሎች ጉልበትም ከመሣሪያቸው ባልተናነሰ ከዚሁ መልክዓ ምድር የሚመነጭ ነው። አጥር ባይኖር እንኳ የሚሸሹበት ስለሌለ፣ የታገተ ሰው ያለው አማራጭ ወደ ቤተሰብ ደውሎ ገንዘብ መለመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ኩፍራ ውስጥ ታስራ ማስለቀቂያ የተጠየቀባት ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ ብዙዎችን አስደንግጧል። በዚያው ዓመት የካቲት ደግሞ በአካባቢው የስደተኞች የጅምላ መቃብር ተገኝቷል።

አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግድን ይቀጣል። ይሁን እንጂ አዋጁ ኩፍራ ድረስ ሄዶ ማንንም አያስፈታም። መሬት የጠበበበት ወጣት ሥራ ካላገኘም ምክር ብቻውን አያስቀረውም። ቢያንስ ግን ወላጅ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ደላላውን «ልጄን በየት በኩል ነው የምትወስደው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ» ከሆነ፣ ከባህሩ በፊት ኩፍራ እንዳለ ይወቅ።